በሠራተኞች ሰርቪስ ውስጥ ስለተገጠመው ድምፅ ማጉያ፣ ለልጄ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ጆሮዎም ያረፈ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

አስቀድመው አንድ ነገር እንዲረዱልኝ እለምናለሁ፦ በሒሳብ ክፍልዎ የምትሠራው ልጄ መጽሐፍ የምታነብበት ቦታ በሠራተኞች ሰርቪስ ውስጥ ያለችው የመስኮት ዳር ወንበር ብቻ ናት። ጠዋት ልጆቿን አልብሳና አብልታ ትወጣለች፤ ማታ የቤት ሥራቸውን አይታ፣ ልብሳቸውን አጥባ፣ አስተኝታ ስታበቃ መጽሐፍ ብትገልጥ አንድ ገጽ ሳትጨርስ አገጯ ደረቷ ላይ ይወድቃል። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ስለሆንኩ፣ በዚህ ሁሉ መሀል ንባብን አለመተው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ሠራተኛውን ለማነቃቃት በሰርቪሱ ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ ስላስገጠሙ አመሰግናለሁ። በየጠዋቱ አንድ የማያውቁት ሰው ስለ ስኬት ይጮህባቸዋል። እርስዎ በራስዎ መኪና በጸጥታ እየመጡ፣ ይህ መነቃቃት ሳይደርስዎ ድርጅቱን እንዴት እንደሚመሩት ይደንቀኛል። ልጄ ግን እንደ እርስዎ ጠንካራ ስላልሆነች፣ አንድ አንቀጽ ላይ ስትመላለስ ቆይታ ባለፈው ሰኞ ሾፌሩን ድምፁን እንዲቀንስላት በትሕትና ጠየቀችው። እሱም «እህቴ፣ እኔንስ ራሴን ሊያፈነዳው አይደል? መቀነሻውን ነቅለው ወስደውታል እኮ» አላት።

ሁለተኛ፣ ለዚህ ጥያቄዋ በማግስቱ «የባልደረቦችን የሥራ መንፈስ በማወክ» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስለደረሳት ቅልጥፍናዎን አደንቃለሁ። የተሰበረ የቢሮ ወንበሯ እንዲቀየርላት ያስገባችው ማመልከቻ ግን እስካሁን መንገድ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ የዚያን ሰኞ የድምፅ ማጉያው ተናጋሪ «ስኬታማ ሰው የትም ሆኖ ያነባል» እያለ ይመክር እንደነበር አብረዋት የተሳፈሩ ነግረውኛል። ልጄ የተከሰሰችው እንግዲህ ምክሩን ቀድማ በመፈጸሟ ነው።

አራተኛው ቀልድ የለበትም። የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ የፊታችን ዓርብ ተቀምጦ ከሰርቪሱ ሊያግዳት እንደሚችል ተነግሯታል። ከታገደች ልጆቿ ሳይነቁ ወጥታ በሁለት ታክሲ እየተጋፋች መሄዷ ነው። ትናንት ማታ ደግሞ የጀመረችውን መጽሐፍ ወደ መደርደሪያዬ መለሰችው። «ጨረስሽው?» ብላት፣ «ተወው አባዬ፣ በመጽሐፍ ምክንያት ከሥራዬ ልባረር እንዴ?» አለችኝ። ግማሹ እንኳን አልተነበበም።

የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ነው፦ ማስጠንቀቂያው ይነሣላት፤ የድምፅ መቀነሻውም ወደ ቦታው ይመለስ።

በእርስዎ ሰፊ ትዕግሥት ላይ ያለኝ እምነት ገና ያልተሟጠጠ፣
አክባሪዎ ጡረተኛ አስተማሪና የሒሳብ ሠራተኛዋ አባት

ማስታወሻ፦ ይህን ሁሉ በአካል ላስረዳዎ ዛሬ ጠዋት ቢሮዎ መጥቼ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። ስጠብቅ ሳለሁ በእንግዳ መቀበያዎ በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ የተደረደሩትን መጻሕፍት ሳያቸው ቆየሁና፣ አንዱን እንድታወጣልኝ ጸሐፊዎን ለመንኳት። «ኧረ አባባ፣ እነሱ እኮ ለዕይታ ናቸው፤ ቁልፉም የለም» አለችኝ። በእርግጥም ለዕይታ ያምራሉ። ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት፣ እስከ ሐሙስ ማታ መልስዎን ይላኩልኝ።