ወረቀቱ የሚለውን

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ጠዋት ጀልባዋን አሸዋ ላይ አውጥተን ሆዷን ስንፍቅ አረፈድን። ምሳ ዓሣ በኮኮናት ወተት… ጨው አብዝቼበታለሁ። ሰው ለራሱ ብቻ ሲያበስል መጠኑ ይጠፋዋል።

ከሰዓት የጀልበኞች ኅብረት ስብሰባ ነበር። ከዚህ ወቅት ጀምሮ የውጭ ሰው ጭኖ ዓሣ ነባሪ ሊያሳይ የሚወጣ ካፒቴን ሁሉ የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ አለበት ተባለ። ቃላት፣ ሰዋስው፣ አንብቦ መረዳት። ያላለፈ መሪ አይጨብጥም፤ ወደብ ቆሞ ገመድ ይቀበላል። ፈተናው ጃንዋሪ ላይ ነው፣ ዓሣ ነባሪዎቹ ወደ ባሕረ ሰላጤያችን ከመግባታቸው በፊት።

ሞተረኛዬ ታንክሬዶ በክርኑ ጎሰመኝ። የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«አበልጄ፣ አንተ እኮ በስፓኒሽም አትናገርም።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ቀረ። ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ዕድሜዬ ስልሳ አንድ። ባለቤቴ ኤውፌሚያ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ የምውልበት ቀን አለ። ሰው የምሆነው መሪውን ስጨብጥ ነው። ገመድ ተቀባይ ከሆንኩ… ምን እሆናለሁ?

እማራለሁ። ብወድቅም ተፈትኜ ልውደቅ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ትምህርት ተጀመረ፣ በቁምስናው አዳራሽ። በልጆች ወንበር ተቀምጬ ጉልበቴ አገጬ ሊደርስ ምንም አልቀረው። መምህርቷ ዩደልካ ትባላለች፣ ቀን ሆቴል ውስጥ እንግዳ ትቀበላለች። ፈገግ ትላለች እንጂ አትምርም።

እንግሊዝኛ ዝም ብሎ «ዘነበ» አይልም። «እሱ ዘነበ» ማለት አለብህ።

«እሱ ማነው?» አልኳት።

«ማንም አይደለም ዶን ሌኦንሲዮ። ቦታ መሙያ ነው።»

ማንም ያልሆነ እንዴት ያዘንባል? ደብተሬ ጠርዝ ላይ «እግዚአብሔር» ብዬ ጻፍኩ። ለፈተናው ሳይሆን ለራሴ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ከቅዳሴ በኋላ ዶሚኖ። ታንክሬዶ አዲስ ሕግ አወጣ፦ ቁጥሩን በእንግሊዝኛ ያልጠራ አይጥልም። ጠረጴዛው እስኪሰነጠቅ እየደበደቡ ጮኹ። እስከ ስድስት ድረስ መንደሩ ሁሉ እንግሊዝኛ ቻለ። ከዚያ በላይ ዶሚኖው ራሱ አያውቅም።

ቃላቱን የምይዝበት መላ አግኝቻለሁ። መቁጠሪያዬን ደግሜ ከጨረስኩ በኋላ በዚያው እንደገና እጀምራለሁ፤ አንድ ፍሬ፣ አንድ ቃል። መልሕቅ። ማዕበል። ክንፍ። ግልገል። ድፍረት ይሆን? አባን ልጠይቃቸው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ጠየቅኋቸው። «ጸሎቱ ይቅደም እንጂ እመቤታችን ትምህርት አትጠላም» አሉኝ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ዛሬ አንብቦ መረዳት ጀመርን። ቃላቱን ከሞላ ጎደል አውቃቸው ነበር፤ ደስ ብሎኝ ሳልፈራ መለስኩ። ወረቀቴ ሲመለስ በቀይ ተጥለቅልቋል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ጠዋት አውቶቡስ ያመልጣታል፣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ጥያቄው፦ ለምን ተመለሰች? እኔ «መንገድ ላይ ክፉ ነገር ስለሚጠብቃት እግዚአብሔር መለሳት» ብዬ ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ፣ በስንት መከራ!

«ይሄን ከየት አገኙት?» አለችኝ ዩደልካ።

«የታወቀ ነው እኮ።»

«ዶን ሌኦንሲዮ፣ አውቶቡስ አመለጣት። በቃ።»

«ያመለጣት ለምንድነው ታዲያ?»

እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ቀጥላ ሳቀችና «የሐሙስ ማኅበር ሰው ነዎት አይደል? አያቴም ነበረች» አለች።

እውነቷን ነው። ሐሙስ ሐሙስ በየቤቱ እየዞርን ወንጌል እናነባለን። ካነበብን በኋላ እያንዳንዱ «ለእኔ እንዲህ አለኝ» ይላል፤ አንዱ ስለ ዕዳው፣ አንዷ ስለ ምራቷ። ኤውፌሚያ ናት የጀመረችው፣ አሁን የምመራው እኔ ነኝ። ማንበብ የተማርኩት እንደዚያ ነው። ሌላም ማንበብ መኖሩን አላውቅም ነበር።

«እሱ ለሐሙስ ይሁን» አለች። «ረቡዕ ግን ወረቀቱ የሚለውን ብቻ።»

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ተጣላን።

አንድ ሽማግሌ ከውሻው ጋር ብቻውን ይኖራል። ጠዋት ይራመዳል፣ ሾርባ ይሠራል፣ ሬዲዮ ይሰማል። ጥያቄ፦ ሰውየው ምን ይሰማዋል? «አዝኗል፣ ግን ይደብቃል» ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ!

«ወረቀቱ ደስተኛ ነው ይላል» አለች።

«ይዋሻል።»

«ማን? ወረቀቱ?»

«የጻፈው። ብቻውን ኖሮ የማያውቅ ሰው ነው የጻፈው።»

ወጣት ካፒቴኖቹ እንኳ አልሳቁም። ዩደልካ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ በእርጋታ «እዚህ ጋ ያንብቡልኝ» አለች። አነበብኩ። ደስተኛ። ሌላ ቃል የለም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

መረብ ስጠግን የዋልኩት ያን ሽማግሌ እያሰብኩ ነው። ምን አደረገኝ? ሾርባውን ሠርቶ ጠጣ፣ ሬዲዮውን ሰማ፣ ደስ አለው። እኔ ግን ደስታውን ከእጁ ነጥቄ የራሴን ኀዘን ሰጠሁት።

ስንቱን ሰው እንዲህ አነበብኩት ይሆን?

ይህ ሰዋስው አይደለም። ከሰዋስው ይከብዳል። ግን አልተውም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ማኅበሩ ዶኛ ክሬሴንሲያ ቤት ነበር። በጣሪያ በኩል ስላወረዱት ሽባ ተነበበ። ከንባቡ በኋላ «ዛሬ መጀመሪያ የተጻፈውን ብቻ እንናገር፣ የራሳችን ቀጥሎ ይመጣል» አልኩ።

ዶኛ ክሬሴንሲያ እንደ ልማዷ ጀመረች። «ምስኪን እናቱ በር ላይ እያለቀሰች…»

«እናቱ የት አለች?»

«እናት የሌለው ሰው አለ እንዴ?»

«አለችው። ወረቀቱ ላይ ግን የለችም።»

«እሰይ! መሪያችን ጉምሩክ ሆኖ ቁጭ አለ! የሌለ ዕቃ ይፈትሻል!»

ተሳሳቁብኝ። ተናደዱም። እንደገና አነበብን፣ ቀስ ብለን። ያን ጊዜ እሷው ራሷ ናት ድንገት ቀና ያለችው።

«ሰውየው አንዲት ቃል አልተናገረም» አለች። «ከላይ ሲያወርዱትም፣ ሲፈወስም። ዝም።»

እውነት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስናስለምነው፣ ስናስለቅሰው፣ ስናስመሰግነው ኖረናል። እሱ ግን ዝም ብሎ ነበር። ኤውፌሚያ በኖረችና በሰማች…

ዓርብ፣ ዲሴምበር 5

ታንክሬዶ ሞተሩን እየፈታ፦ «የወንድሜ ልጅ ጆሮህ ውስጥ ትንሽ ነገር ይከትልሃል። ከውጭ ሆኖ መልሱን ያንሾካሹክልሃል። ፀጉርህ ይሸፍነዋል።»

«ፀጉር የለኝም።»

«ኮፍያ አድርግ!»

«አበልጄ፣ እኔ በሌላ ሰው ጆሮ ካለፍኩ ባሕር ላይ ማን ይሰማልኛል?»

ምራቁን ጢቅ አደረገ። «ገመድ ስትቀበል ጥሩ አድርጌ እወረውርልሃለሁ» አለኝ። ተቀይሟል። ይለፍለት።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 17

የሙከራ ፈተና። ወደቅሁ። ቃላት ጥሩ፣ ሰዋስው ደህና፣ ንባቡ ላይ ግን አሁንም ሁለት ቦታ ከራሴ ጨምሬያለሁ። እጄ ሳላዝዘው ይጽፋል።

ዩደልካ «ተስፋ ቆረጡ?» አለች።

«ነገ ስንት ሰዓት ታስተምሪኛለሽ?» አልኳት።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 25

ትናንት የገና ዋዜማን ታንክሬዶ ጋ አሳለፍኩ። አሳማው ቆዳው ተጠብሶ ይንኮሻኮሻል። ታርቀናል፣ ሳንነጋገርበት። ልጆቹ ከውጭ የመጣውን የፖም ካርቶን እያመጡ አስነበቡኝ። «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» ይላል አልኳቸው። ሌላ ምን ይላል? ሌላ ምንም አይልም። ምንም አልጨመርኩም!

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 9

ተፈተንኩ።

ንባቡ ባሕር ዳር ስላለች መንደር ነው። ውሃ ዳር የሚበቅሉት የማንግሮቭ ዛፎቿ ተቆርጠው ትልቅ ሆቴል ተሠራ። ጥያቄ፦ የመንደሩ ሰዎች ምን ተሰማቸው? ወረቀቱ «ሁሉም አመሰገኑ» ይላል። ሁሉም! ማንግሮቩ ሥር ሽሪምፕ አጥምዶ የሚኖረው ሰውዬም አመሰገነ? ደሜ ፈላ። እርሳሱን አስቀመጥኩ። አማተብኩ። አነሳሁትና «ሁሉም አመሰገኑ» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ የሚለው እሱን ነው።

ገጹን ስገለብጥ መጨረሻ ላይ ባዶ መስመሮች አሉ፦ «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ጌታ ሆይ! ለካ ቦታ ነበረው። መስመሩን ጨርሼ ጠርዙ ላይ ወጣሁ፣ ጠርዙ ሲያልቅ ጀርባውን ያዝኩ። ሰዋስዉ እንደ ተጎተተ መረብ ነው። ሽሪምፑን ግን ጻፍኩ። ዛፎቹ ሲቆረጡ የሚመጣውን ጎርፍም ጻፍኩ። ወረቀት ሰብሳቢዋ ከእጄ ቀምታ ነው የወሰደችው።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

አለፍኩ። ለጥቂት ነው፣ ግን አለፍኩ። ዩደልካ ሆቴሏ በር ላይ ደንብ ልብሷን እንደለበሰች አቀፈችኝ። ታንክሬዶ ዜናውን ከእኔ ቀድሞ መንደሩን አዳርሷል፤ እሱ ያስተማረኝ ነው የሚመስለው። «እስከ ስድስት ያደረስኩት እኔ ነኝ» ይላል።

ኤውፌሚያ መቃብር ሄጄ ነገርኳት። ባጭሩ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15

ወቅቱ ተከፈተ። ባሕሩ ዝርግ፣ ነፋሱ ከምሥራቅ። መሪውን ጨብጬ አማተብኩ።

«ካፒቴን፣ በእንግሊዝኛ እዘዘኛ!» አለ ታንክሬዶ ከኋላ።

«ዝም በል» አልኩት፣ በእንግሊዝኛ። አልገባውም፣ ኮራ።

ከባሕረ ሰላጤው አፍ ሳንርቅ አንዲት እናት ዓሣ ነባሪ ከነግልገሏ ብቅ አለች። ጀልባው በሙሉ ጮኸ። ይህን ሁሉ ዓመት ያ ጩኸት ምስጋና ይመስለኝ ነበር። ፈጣሪን ያወድሳሉ እያልኩ እኔም በልቤ አሜን እላለሁ። ዛሬ ሰማኋቸው። «ቀረጽከው?» «አመለጠኝ!» «ጭንቅላትህን ከፊቴ አንሳልኝ!» አንዱ ደግሞ «ይሄ ሽማግሌ ለምን አይጠጋም? ተኝቷል እንዴ?» አለ። ስለ እኔ መሆኑ ነው። ዞር ብዬ በእንግሊዝኛ መለስኩለት።

«ልጇ ትንሽ ነው። አንጠጋም።»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሰው ይሰማኛል ብሎ አላሰበም።

ደስ አለኝ ልበል? ከፋኝም። አሜን ስል የኖርኩት ብቻዬን ነበር ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ዛሬም አሜን አልኩ።

ስንመለስ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰውዬ ነበር፣ በእኔ ዕድሜ ይሆናል። ስልክ አላወጣም፣ አልጮኸም። ሌሎቹ የቀረጹትን እየተያዩ ሲንጫጩ እሱ ውሃውን ያይ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለማንም ያልሆነ ነገር ተናገረ።

«ሚስቴ ብታየው ትወደው ነበር።»

ቃል በቃል አልፈታሁትም። ወደ ስፓኒሽ አልመለስኩትም። ዝም ብሎ ገባ። ከዚያም በላይ ምንም ልጨምርለት አልፈለግሁም፤ ስለ ሰማይም፣ ስለ ትዕግሥትም። ዓይኔን ከባሕሩ ሳላነሳ መለስኩለት።

«የእኔም።»

ተነስቶ መጣና መሪው አጠገብ ቆመ። ስሙን አልጠየቅሁትም። እሱም አልጠየቀኝም። እስከ ወደቡ አብረን ቆመን ገባን።