አባባ በጎሽ ጋሪው ላይ የተናገሩት

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ወንድም ጋሼ ሴይጁን፣

ለመሆኑ እንደምን ሰነበቱ? እትዬ ኤሌናስ ደኅና ናቸው? ፓውሎና ሚዶሪስ እንዴት ናቸው? ያ የወገብዎ ሕመም ተወት አደረገዎት ወይስ አሁንም ከአትክልቱ ቦታ ጎንበስ ብለው ነው የሚመለሱት? እዚያ ሳኦ ፓውሎ ብርዱ አልፎ ሙቀቱ እየመጣ ይሆናል። እኛ እዚህ፣ እኔ፣ ባለቤቴ ካንጂና ልጃችን ናጊሳ፣ ሐዘኑ ቢከብደንም በጤና አለን። የአያቶቻችን ጥበቃ አልተለየንም። የእርስዎ ናፍቆት ግን ዘንድሮ ከሌላው ዓመት ሁሉ ብሶብኛል።

ያን ዕለት በስልክ አባባ እንዴት ሆነው እንዳረፉ ሲጠይቁኝ ማልቀስ ጀመርኩ። እርስዎም ለቅሶዬን ሰምተው፣ ግዴለሽም፣ ሲበርድልሽ ትጽፊልኛለሽ አሉኝ። እነሆ እስካሁን አልበረደልኝም። ቢሆንም ከዚህ በላይ ማቆየቱ ግፍ መስሎ ስለታየኝ ብዕር አነሣሁ። ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ፤ እትዬ ኤሌናም አጠገብዎ ይሁኑ።

እንደሚያውቁት ደሴታችን ድሮ ትተዋት የሄዱት ዓይነት አይደለችም። ሸንኮራው ቀንሷል፤ የምንኖረው በእንግዳ ነው። አሮጌው ቤታችን የእንግዳ ማረፊያ ከሆነ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በረንዳው በመዋኛ መነጽርና በእርጥብ ጫማ ይሞላል። ገሚሱ ከባሕር ኤሊ ጋር ሊዋኝ ይወጣል፤ ገሚሱ ወለሏ መስታወት በሆነች ጀልባ ኮራል ሊያይ ይሄዳል፤ ልጆች ያሏቸው ደግሞ ጨርቅ ዘርግተው የኮከብ ቅርጽ ያለውን አሸዋ ሲለቅሙ ይውላሉ። የሁሉም ማሳረጊያ ግን የአባባ የጎሽ ጋሪ ነበር። ባሕሩ ሲጎድል ጥልቀት የሌለውን ውኃ አቋርጠው፣ ባለ ሦስት ክሩን ሳንሺናቸውን እየመቱና እየዘፈኑ፣ ፊት ለፊት ወዳለችው የአበባ ደሴት እንግዶቹን ያሻግራሉ። የፈራ ሰው ካዩ፣ “ዋና የማትችሉ አትጨነቁ፤ ውኃው ከጉልበት አያልፍም። የሚያሰምጠው የእኔ ዘፈን ነው” ይሉ ነበር። ይህን ቀልድ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሉት ጎሿ ሃማ ብቻ ናት የምታውቀው።

እማማ ካረፈች በኋላ ግን አባባ መርሳት ጀመሩ። ይህን በየጊዜው በስልክ ጠቆም እያደረግሁ፣ ዋናውን ዋጥ እያደረግሁ ነው የነገርኩዎት። መጀመሪያ የጎረቤት ስም ጠፋባቸው። ቀጥሎ መብላት አለመብላታቸው። ከዚያ እኔ ጠፋሁባቸው። ጠዋት ፊታቸውን የማጥባቸው፣ ኪሞኗቸውን የማስርላቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ግን “የኔ እመቤት፣ የማን ልጅ ነሽ?” ይሉኛል። ዘፈኑን ግን አንድ ስንኝ አልሳቱም። ስለዚህ ካንጂ የመስታወቷን ጀልባ ለጎረቤት ሰጥቶ የጋሪውን ልጓም ተረከባቸው፤ እሳቸው ከፊት ተቀምጠው መዝፈኑን ብቻ ያዙ። እንግዶቹ ምንም አያውቁም፤ ደስ ብሏቸው ይወርዳሉ።

የዝናቡ ወራት ሊያበቃ ሲል ኩዶ የሚባል ወጣት ከሆካይዶ መጥቶ እኛ ዘንድ አረፈ። ከበረዶ አገር የመጣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ከሥራው ፈቃድ የተሰጠው ለጥቂት ቀን ስለነበር አንዷንም ሰዓት ሳያባክን ሁሉንም ነገር አስቀድሞ አስይዞ ነበር፤ ጠልቆ መዋኘቱን፣ ውኃ ውስጥ በሚበቅለው በማንግሮቩ ደን መሃል በታንኳ መቅዘፉን፣ ኤሊውን፣ ሁሉንም። እንደደረሰ ግን ጊዜ ተርፎት በጎሹ ጋሪ ተሳፈረ።

ካንጂ እንደነገረኝ፣ ልጁ እግሩን ጋሪው ላይ ሲያሳርፍ የአባባ ሳንሺን ቀጥ አለ። አተኩረው አዩትና፣ “ሴይጁን፣ መጣህ እንዴ?” አሉት።

ልጁ ካንጂን አየው፤ ካንጂም ጎንበስ ብሎ ልጓሙን ማስተካከል ያዘ።

“አዎ አባባ፣ መጣሁ” አለ ልጁ።

“ከስተሃል። እዚያ አያበሉህም?”

“ያበሉናል። እንደ ቤት ግን አይሆንም።”

አባባም ሳንሺኑን አንሥተው ደሴቲቱ እስኪደርሱ ድረስ ዘፈኑ። ካንጂ እንደዚያ ዓይነት ድምፅ እማማ በሕይወት ሳሉ እንኳ ሰምቼ አላውቅም አለኝ።

እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ማታ ራት ሳቀርብ ልጁን ወደ ጓዳ ጠርቼ፣ ወንድሜ በሕይወት ያለ ሰው ነው፣ አባቴም የእንግዳ መጫወቻ አይደሉም አልኩት። ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። “ሌላ የምለው ነገር አጣሁ። እህቴ፣ ይነገራቸው ካልሽ አሁኑኑ ሄጄ እኔ እሱ አይደለሁም እላቸዋለሁ” አለኝ። ከመጋረጃው ወዲያ አባባ ለጎረቤታችን ልጄ መጣ፣ ልጄ መጣ ሲሉ ይሰማኛል። ምን ልበለው? ተወው አልኩት።

በማግስቱ ኩዶ ለመጥለቁ ሊወስዱት የመጡትን ሰዎች መለሳቸው። ታንኳውንም ተወ። ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ መጥቶ ከኤሊ ጋር እንኳ አልዋኘም። ጠዋት ለሃማ ሣር ያጭዳል፤ ከዚያ ከአባባ ጎን ተቀምጦ ሲሻገር ሲመለስ ይውላል። አባባ ዘፈን ሊያስተምሩት ሞከሩ፤ ድምፁ ግን እንኳን ለሰው ለጎሽም የሚሆን አልነበረም። “ብራዚሎች ጆሮህን አስቀሩት እንዴ?” ሲሉት እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። በራሳቸው እጅ ጢማቸውን ተላጩ። ምግብ እምቢ ይሉ የነበሩት ሰውዬ፣ መራራውን የጎያ ዱባ በቶፉና በእንቁላል ጠብሼ ሳቀርብ ጥርግ አድርገው በሉ። ደህና ደህናውን እያነሡ ልጁ ሳህን ላይ ያደርጋሉ። ወደ እኔም ዞር ብለው፣ “ሴትዮዋ፣ ለልጄ ጨምሪለት” ይሉኛል። ወንድም ጋሼ፣ ጨመርኩለት።

ልጁ የሚሄድበት ቀን ሲደርስ ፈራሁና እኔም ጋሪው ላይ ወጣሁ። ሌላ እንግዳ አልነበረም። ውኃው መሃል ስንደርስ አባባ ሳንሺኑን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። ከዚህ በታች የምጽፍልዎትን በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

“ያን ቀን ወደቡ ድረስ ያልመጣሁት ተቆጥቼ መስሎህ ነው የሄድከው?” አሉት።

መልስ ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

“መሬቱ ለሁላችን አይበቃም ብዬ ሂድ ያልኩህ እኔ ነኝ። አፌ ነው ያለው እንጂ ሆዴ አላለም። ወደቡ ብመጣ እጅህን አልለቀውም ነበር። ሸንኮራው ውስጥ ቆሜ መርከቧ እስክትጠፋ አየሁህ። ስምህን ተጣራሁ፤ ነፋሱ ወደ እኔ መለሰው።”

ካንጂ ልጓሙን ያዝ አደረገ፤ ሃማ ቆመች። እኔ አፌን በመዳፌ ይዣለሁ። ያን ቀን እኔም ወደቡ ላይ ነበርኩ፤ የእማማን ቀሚስ ይዤ፣ አባባ ለምን አልመጡም እያልኩ ስነዘንዛት ነበር። እማማም እስክትሞት አልነገረችኝም፤ ምናልባት እሷም አታውቅ ይሆናል።

ልጁ ወደ እሳቸው ዞሮ፣ “አባባ፣ አልተቀየምኩም” አለ።

“አልተቀየምክም?”

“አልተቀየምኩም።”

ወንድም ጋሼ፣ ይህ ቃል የእሱ አልነበረም። በእርስዎ አፍ ተናግሮ፣ በእርስዎ ሆድ ይቅር ማለቱ ድፍረት ነው። ተቀይመው ከሆነ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሳይመጡ የቀሩት በዚያ ምክንያት ከሆነ፣ ባልዋለበት የተናገረውን ልጅ ሳይሆን ዝም ብዬ የሰማሁትን እኔን ይውቀሱኝ። የአባባ ቃል ግን የእርስዎ ነው። ለሌላ ሰው ቢነገርም ለሌላ ሰው አልነበረም። እንዳለ አድርሼልዎታለሁ።

በዚያው ቀን አባባ ወደቡ ካልሄድኩ አሉ። ይዘናቸው ሄድን። መርከቧ ስትጮህ እጁን እንደያዙ ነበሩ፤ እኔና ካንጂ እንዴት አድርገን እንደምናላቅቃቸው ተጨንቀን ሳለ እሳቸው ራሳቸው ለቀቁትና፣ “ሂድ በቃ፣ መርከብ ሰው አይጠብቅም” አሉት። ኩዶ ከመርከቧ ጫፍ ሆኖ ደሴቲቱ እስክትርቅ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። አባባ አላለቀሱም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ከዚያ በኋላ ጋሪው ላይ አልወጡም። ሳንሺኑን ሳቀብላቸው ወዲያ ይገፉታል። እንግዶቹ እኚያ የሚዘፍኑት ሽማግሌ የት ሄዱ ሲሉን ደክሟቸው ነው እንላለን። አውሎ ነፋሱ ባለፈ ሰሞን ትኩሳት ያዛቸው፤ ሐኪሙ ሳንባቸው ነው አለ፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንውሰዳቸው ስንል ከቤቴ አልወጣም አሉ። እርስዎ ይተኙበት በነበረው ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ባሕሩ እየተሰማ ዐረፉ። እንዳልዋሽዎት፣ በመጨረሻ የጠሩት እርስዎን አልነበረም፤ እማማን ነው። እሷንም እንደ ልጅነቷ፣ እኛ በማናውቀው የቁልምጫ ስም ነው የጠሯት።

ኩዶ ሰምቶ ለቀብሩ መጣ። የበኩር ልጅ ቦታ ባዶ ነበርና ጎረቤቶች እሱ ይቀመጥ አሉ። እሱ ግን እምቢ ብሎ ከኋላ፣ ከእንግዶቹ ጋር ቆመ። ቦታዎን ማንም አልተቀመጠበትም።

አሁን እንግዶቹ እንደ ወትሮው ይመጣሉ። ዛሬም ጠዋት ለአንድ ቤተሰብ መነጽር ሰጥቼ፣ የኤሊው ቦታ የት እንደሆነ አሳይቼ፣ ፈገግ ብዬ ሸኘሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ይህን ጻፍኩ።

ይምጡ ወንድም ጋሼ። ከእንግዲህ ለማን ብዬ እንዳይሉ። አባባ በመጨረሻው ዘመን የእርስዎን ስም ያውቁ ነበር፤ የእኔን ሳያውቁ ነው የሞቱት። ደግ ሴት፣ የኔ እመቤት፣ ሴትዮዋ እያሉኝ ነው የሞቱት። ከወላጅ ወገን በልጅነቴ የሚያውቀኝ እርስዎ ብቻ ቀሩ። መጥተው ከበሩ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ቶዮኮ ብለው ይጥሩኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ለእትዬ ኤሌና በዓይኔ ያላየኋቸው እህቴ መሆናቸውን ይንገሩልኝ፤ እጅ ነሥቻለሁ። ፓውሎን ትከሻውን፣ ሚዶሪን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ። ካንጂ አክብሮ ሰላም ይልዎታል፤ ሃማን እያበላ ነው። ናጊሳም ለአጎቷ ሰላምታዋን ልካለች፤ አያቷን የመሰለ ድምፅ አውጥታለች፣ ገና አታፍርበትም።

እህትዎ ቶዮኮ
ያዬያማ ደሴቶች፣ ኦኪናዋ
ኦክቶበር 9 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.