ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ

ውድ እማዬ፣

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስቴም ስለ ጉልበትሽ ጠይቄሽ ዘጋሁት። ድምፅሽን ስሰማ ወኔዬ ይከዳኛል፤ ስለዚህ ልጻፍልሽ።

ፓርላማ ውስጥ ሕግ አርቃቂ መሆኔን ለጎረቤት ሁሉ አውርተሻል። ምን እንደማረቅቅ ግን ጠይቀሽኝ አታውቂም።

ይቺ አገር እስከ አሁን ሕዝበ ውሳኔ ያካሄደችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ "የመምረጫ ዕድሜ ከሃያ አንድ ወደ አሥራ ስምንት ይውረድ ወይ?" ተባለ። አንቺ ገና አሥራ ዘጠኝ ስለነበርሽ ደጅ ቆመሽ ጠበቅሽ፤ አያቴ "አይ" ብለው መርጠው ወጡና "ላንቺው ብዬ ነው" አሉሽ። እስካሁን ስታወሪው በሳቅ ትፈርሻለሽ። ሁለተኛው "ከጎረቤት አገሮች ጋር አንድ ገበያ እንሁን ወይ?" ሲል፣ የስፌት መኪናሽን ከድነሽ፣ እኔን አዝለሽ ሄደሽ መረጥሽ። ሁለቱም ጥያቄዎች አንድ መስመር አይሞሉም።

በሦስተኛው ጊዜ እንደራሴዎቹ በትንንሽ ከተሞች ፍርድ ቤቶች መዘጋት ላይ እኩል ለእኩል ተከፈሉና ሕዝቡ ይወስን ተባለ። አብረን ሄድን። ፊትሽ ጠቁሮ ወጣሽ።

"'ፍርድ ቤቶቹ እንዲዘጉ የወጣውን ሕግ ለመሻር የቀረበውን ሐሳብ አይደግፉም?' ይላል እኮ! እንዳይዘጉብን ብዬ 'አዎ' አልኩ። ይሄን የጻፈ ሰው እናት የለውም እንዴ?"

እናትማ አለችኝ። ቦርሳዋን ይዤላት አጠገቧ ቆሜ ነበር።

የዚያ ጥያቄ "አዎ" "ይዘጉ" ማለት ነበር፣ እማዬ። ስምንት የኮሚቴ አባላት ከዚህም ከዚያም ሲጎትቱት ተጣመመ። እኔም እያየሁ "ይሄ ለማን ይገባዋል?" ማለት ፈርቼ ዝም አልኩ። ጀማሪ ነበርኩ እንዳልል ያኔ አሥር ዓመት ሠርቼ ነበር። የከተማሽም ፍርድ ቤት ተዘጋ። ጎረቤትሽ ቀጠሮ ባላት ቁጥር ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ አብረሻት ትሄጃለሽ፤ እኔ ደግሞ "ሕዝቡ ነው የወሰነው" እልሻለሁ። ይቅር በይኝ።

ዘንድሮ አራተኛው መጥቷል። ኮሚቴው ጥያቄውን እንደለመደው ሊጠመዝዘው ሲል ተነሳሁ።

"ክቡራን፣ እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። እሷ የማይገባት ጥያቄ ላይ አልፈርምም።"

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔም ባለፈው የመረጥኩት ምን እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም" አሉ። "በይ አንቺው ጻፊው።"

ጻፍኩት፤ ለሕዝብ አስተያየትም ወጥቷል፦ "የተዘጉት ፍርድ ቤቶች እንደገና ይከፈቱ?"

አንብቢውና ደውዪልኝ። አንዲት ቃል ከቆረቆረችሽ አወጣታለሁ።

ጥፋቷን ያመነች ልጅሽ