ዋስ አምጣ

ጥቅምት 4 ቀን 1973

ኮን ከተማ ሥራ ካመለከትኩበት ማኅበር ደብዳቤ መጣ። የጋሸና መኪና ነው ያደረሰው። ያው ነው። «ፈተናውን ያለፉ ቢሆንም ደመወዝተኛ ዋስ ባለማቅረብዎ...» እዚያ ላይ ማንበብ አቆምኩ።

አባቴ ከማኅሌት ተመልሰው ጋቢያቸውን ሳያወልቁ «ምን አሉህ?» አሉኝ።

«ዋስ አምጣ።»

«እኔ አለሁ አይደል?»

ምን ልበላቸው? መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ማለት የዚህን አገር ግማሽ ቄስ ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ግን ደመወዝ የላቸውም። መሬቱ የመንግሥት፣ ቤቱ የቀበሌ። ገንዘብ የሚነካ ሰው ቢያጎድል ከዋሱ ደመወዝ ይቆረጣል። ከአባቴ ምን ይቆርጣሉ? ድጓቸውን?

ጥቅምት 19

ወልድያ ደርሼ መጣሁ። ማስታወቂያው «ጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ» ይላል። ሰውየው ወረቀቴን ሳያይ «ልምድ አለህ?» አለኝ። አሁን ከንግድ ሥራ ትምህርት ቤት መውጣቴ ነው አልኩት።

«እኛ የምንፈልገው ልምድ ያለው ነው።»

ልምድ ያለው ጀማሪ! ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? ጠየቅኩት። አስወጣኝ። ከጋሸና እስከ ላሊበላ ጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ መጣሁ፤ ጆሮዬ ውስጥ ሳይቀር አቧራ። መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ስሳደብ ነበር። ረዳቱ እብድ መስዬው መሰለኝ፣ ጨዋታም አላወራኝም።

ኅዳር 12

ዛሬ ደሜ ፈልቷል። አባቴ ሳይነግሩኝ መምህር ሰጠኝ ቤት ሄደው ኖሯል። ለልጄ ተዋስልኝ ሊሉት። ሰጠኝን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው... ሚስቱ በር ላይ አቁማቸው «ባለፈው ዓመት ለአንድ ሰው ተውሶ እስከ አሁን ይቆርጡበታል፣ አባ፤ ይቅር ይበሉን» አለቻቸው። ውሸት አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ግቡ እንኳ አትልም?

መሪጌታ ሰው ደጅ ቆመው አያውቁም። በእኔ ምክንያት ቆሙ።

ማታ «አሰለች ደመወዝ ታገኛለች» አሉ።

«ስሟን አይጥሩብኝ!»

አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ጮኽኩ።

አሰለች የወለደችኝ ናት። እናቴ ብዬ አልጽፍም። ሰባት ዓመቴ ሳለ ከአባቴ ተፋትታ ሄደች። የትም አልራቀችም፤ እዚሁ ከተማ የመንግሥት ሆቴል አንሶላ ታጥባለች። መንገድ ላይ ስንተላለፍ ትቆማለች። እኔ አልቆምም። እሷ ደጅ ሄጄ ልለምን? ምን ቆርጦኝ!

ታኅሣሥ 9

እዚሁ ላሊበላ አዲሱ የእህል ማኅበር ገንዘብ ያዥ ይፈልጋል። ተፈተንኩ። ምስጋኑም ተፈትኗል፤ ትምህርት ቤት አብሮኝ የነበረው። ስንወጣ «እንዴት ነበር?» ሲለኝ ፊት ነሳሁት። ምን አድርጎኝ? ምንም።

ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ። ተሳላሚው እየሄደ ነው። የማላውቃት አንዲት ባልቴት የአባቴን ጉልበት ስማ ቀና ስትል ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ሥራ ያዝክ?»

ጥር 14

አንደኛ ወጣሁ። ምስጋኑ ሁለተኛ።

የማኅበሩ ኃላፊ ጓድ የሻው ጨበጠኝ። «ጎበዝ ነህ። ለአብዮቱ እንዲህ ያለ ወጣት ነው የሚያስፈልገው። ዋስህስ?»

እስከ ሰኞ ካላቀረብኩ ለቀጣዩ ይሰጣል። የጤና ረዳቱን ጠየቅኩ፤ ለጓደኛው ተውሷል። የፖስታ ቤቱን ጠየቅኩ፤ ሳቀ። የአባቴ ዓይን ወደ ሆቴሉ መንገድ ይሄዳል። አይቻለሁ። አላደርገውም።

ጥር 18

ዛሬ የሆነውን ልጻፍ።

ሰኞ ነው። ሌላ ሁለት ቀን ስጡኝ ልል ጓድ የሻው ዘንድ ሄድኩ። «ምስጋኑ ጠዋት ዋስ ይዞ መጣ፤ ተቀጠረ» አለኝ።

«ማን ተዋሰው?»

«የሆቴሏ ልብስ አጣቢ። አሰለች።»

ሆቴሉ ጓሮ ድረስ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላለች። አውራ ጣቷ ላይ የፈረመችበት ቀለም አለ፤ ሳሙናው አላስለቀቀውም።

«ቁጭ በል» አለች፣ እንደምመጣ የምታውቅ ይመስል።

«አልቀመጥም! ለባዳ ልጅ ትፈርሚያለሽ? እኔን የወለድሽኝ ለጎረቤት ነው?»

«አንተዬ፣ እስቲ መጀመሪያ...»

«የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጣልሽኝ። አሁን ደግሞ እንጀራዬን ለሰው ሰጠሽ!»

ምስጋኑ ለምስጋና ይሁን ለምን ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ሁሉን ሰማ። ይስማ! ገፍቼው ወጣሁ።

የካቲት 6

ቀበሌው ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት አስተምር አለኝ። በነጻ። ለነጻ ሥራ ዋስ የሚጠይቅ የለም!

መጋቢት 21

ምንም።

ሚያዝያ 22

ፋሲካ ከዋለ አራተኛ ቀን። ምስጋኑ ቤት መጣ። አላስገባህም ልለው ስል አባቴ «ግባ ልጄ» አሉት። አዲስ ኮት ለብሷል። ኮቱም አናደደኝ።

«ኮን ያለው ቦታ እንደገና ወጥቷል» አለ። «የሙከራ ጊዜዬን ጨረስኩ። አሁን መዋስ እችላለሁ። ልፈርምልህ መጣሁ።»

«ማን ለመነህ?»

«አንተ አይደለህም።»

«ታዲያ ማን?»

አባቴን አየ። አባቴ መሬት መሬት ያያሉ።

«እናትህ ታኅሣሥ ላይ ጓድ የሻው ዘንድ ሄደው ነበር፤ ላንተ ሊዋሱ። የሥጋ ዘመድ አይዋስም ብሎ መለሳቸው። እኔ ዋስ ፍለጋ ስዞር እሳቸው ዘንድ ደረስኩ። ‹እፈርምልሃለሁ፤ ሙከራህን ስትጨርስ ግን ለልጄ ለወልደ ሰንበት ትፈርማለህ› አሉኝ። ቤተ ጊዮርጊስ ደጅ ወስደው አስማሉኝ።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«‹የእኔ እጅ ካለበት እምቢ ይላል› አሉ። እኔንም አትንገረው ብለውኛል።» ቀጠለና «ይኼን ግን አልማልኩም» አለ።

ሚያዝያ 23

አባቴ ያውቁ ነበር? «ታኅሣሥ ላይ እኔን ጠይቃ ነው የሄደችው» አሉ። እና ዝም አሉኝ! ሦስት ሆነው እንደ ሕፃን ከጀርባዬ መከሩብኝ። ተናድጃለሁ። በእሳቸው፣ በምስጋኑ፣ በዚያ የዘመድ ሕግ... ከሁሉም በላይ ጓሮ ቆሞ በጮኸው ሰውዬ።

ኮን ማመልከቻ ላክሁ። ምስጋኑ ፈረመ።

ሚያዝያ 29

ተቀበሉኝ። የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ። ሰኞ እጀምራለሁ። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩ፤ «ቢሆንም» የሚል የለበትም።

ግንቦት 1

ቅዳሜ። ገበያተኛ ያመጣው መኪና ቀትር ላይ ወደ ጋሸና ይመለሳል ተባለ። ሻንጣዬን ይዤ በሆቴሉ ጓሮ በኩል ሄድኩ። ያ ወደ መኪናው የሚወስድ መንገድ አይደለም።

እናቴ አንሶላ ትጨምቃለች። አየችኝ። ቀስ ብላ «ቁጭ በል» አለች።

ቁጭ አልኩ። ይቅርታ ልላት ነበር የመጣሁት። በምትኩ የወጣው ሌላ ነው፤ «ለምን ትተሽኝ ሄድሽ?» አሁንም በንዴት ነው የጠየቅኳት። ምን ላድርግ!

እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «ረጅም ነው። መኪናው ያመልጥሃል።»

«ንገሪኝ።»

ከአንሶላው አንዱን ጫፍ ሰጠችኝ። ይዤ ቆምኩ። እየጨመቅን ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው።

መኪናው አመለጠኝ። ነገ ሌላ ይገኛል።