ቅዳሜ የሚወለደው ልጅ

ሞላምያይን
ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2025

ውድ ልጄ ዪ ሞን፤

ፔናንግ ድረስ ስደውልልሽ መስመሩ ይቆራረጣል፤ ሳይቆራረጥ ሲቀር ደግሞ እናትሽ ስልኩን ከእጄ ትነጥቀኛለች። ስለዚህ ይህን ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ አቁሟል፤ ጣሪያው ዘንድሮም አፍስሶ አለፈ።

የደም ግፊትሽ ስለጨመረ ሐኪሙ ቅዳሜ ጠዋት በቀዶ ጥገና ትወልጃለሽ ማለቱን፣ እናትሽ ደግሞ እሁድ ካልሆነ ብላ መያዟን ጽፈሽልኛል። ለሆስፒታሉ እስከ ነገ መልስ ትሰጫለሽ። ከደብዳቤሽ ግርጌ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ «አባዬ፣ ሳተርን በእውነት ክፉ ነው?»

ክፍል ውስጥ ሳስተምር የኖርኩትን ልንገርሽ። ከፀሐይ ስድስተኛው ነው። በትልቅነት ከጁፒተር ቀጥሎ ይመጣል። አብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ስለሆነ እግር የሚያሳርፉበት መሬት የለውም። የትልቅነቱን ያህል ከባድ አይደለም፤ የሚበቃው ባሕር ቢገኝ ይንሳፈፍ ነበር ስላቸው ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር። ቀለበቶቹ በረዶና ድንጋይ ናቸው፤ አንዳንዱ አሸዋ ያህላል፣ አንዳንዱ ቤት። አንድ ቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አንድ ዓመቱ ግን የእኛን ሃያ ዘጠኝ ያህል ነው። አንቺ ከተወለድሽ ወዲህ ፀሐይን አንድ ጊዜ ብቻ ዞረ። ስለ ክፋቱ የተለካ ነገር የለም።

እናትሽ ይህን ሁሉ ከእኔ ሰምታለች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ኮከብ ቆጣሪ ኡ ፖ ቴት ደግሞ ሌላ ነግሯታል፦ የቅዳሜ ጌታ ሳተርን ነው፣ ቅዳሜ የተወለደ የበኩር ልጅም ወላጆቹን ያቃጥላል።

ሰኞ ምሽት መብራት እንደ ልማዱ ጠፋ። እራት እንደበላን ጡረታ ስወጣ ትምህርት ቤቱ የሰጠኝን አሮጌ ቴሌስኮፕ ሰገነቱ ላይ አወጣሁ። ኡ ፖ ቴትም ሳይጠራ መጣ።

እናትሽ አንድ ዓይኗን ጨፍና በቴሌስኮፑ አየች።

«ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው።»

«በስንጥር የተሰካ የዓሣ ድብልብል ነው የሚመስለው! ቀለበቱ የታለ? ይህን ሁሉ ዘመን የሰውን ልጆች ስትዋሽ ነው የኖርከው፣ የዪ ሞን አባት?»

«ዘንድሮ ጠርዙን ነው ወደ እኛ ያዞረው። ስስ ስለሆነ ከጎን ሲታይ መስመር ይመስላል።»

«አድብቶ ነው» አለ ኡ ፖ ቴት።

«አንተ ደሞ! የእህቴን ልጅ ወንድ ትወልጃለሽ ብለሃት ሴት አይደል የወለደችው?»

«ጠባይዋን ሄደሽ እዪው፤ ወንድ ናት።»

«ብርሃኑ እዚህ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል» አልኳት። «ያን ያህል ሩቅ ነው።»

«ፔናንግስ?» አለችኝ።

ቴሌስኮፑን ይዤ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ቴሌስኮፑ አሳመናት ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። አላሳመናትም። ትናንት ስልኬን ስትነካካ ያን ፎቶ አገኘችው፤ ፊትሽና እግርሽ አብጦ የሚታይበትን፣ ለእማዬ እንዳታሳያት ያልሽኝን። አየችው፤ አስቀመጠችው፤ መልሳ አነሳችው። ከዚያ ሩዟን መልቀም ቀጠለች።

ዛሬ ጠዋት ለጸሎት ፓጎዳው ድረስ አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። ያለ ወትሮዋ ነው። ለየቀኑ ተወላጆች ከተለዩት ማዕዘኖች የእሁዱን አልፋ ስትሄድ፣ እሷ የሰኞ ልጅ ስለሆነች፣ ዘወትር ውኃ ወደምታፈስስበት ወደ ሰኞው ነብር ሐውልት የምትሄድ መሰለኝ። እሱንም አለፈችው። ዞራ ሄዳ የቅዳሜው ዘንዶ ፊት ተንበረከከች።

እዚያ የምትጠርገው ሴትዮ ታውቃታለች።

«ዶ ኪን ኦን፣ ምነው መንገድ ጠፋሽ? ቤታችሁ የቅዳሜ ሰው አለ እንዴ?»

«የልጅ ልጄ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ቅዳሜ ነው የሚወለደው።»

ውኃው በዕድሜ ቁጥር ልክ፣ አንድ ኩባያ ተጨምሮበት ነው የሚፈስሰው። ሴትዮዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ አሰበች። «እንግዲያው አንድ ኩባያ» አለች።

እናትሽ አንድ አፈሰሰች፤ ኩባያውን ለእኔ ሰጠችኝ። ቀድቼ አፈሰስኩ። ደግሜም ቀዳሁ።

«ኧረ አንድ ነው ያልኩት፣ መምህር!»

«ተዪው» አለቻት እናትሽ።

ለሆስፒታሉ ቅዳሜ ነው በያቸው። ባልሽ ሚን ዜያ ከአጠገብሽ አይራቅ፤ ከቀዶ ጥገናው እንደወጣሽ እሱ ይደውልልን። በሰላም ተገላገዪ፤ ዕድሜና ጤና ለሦስታችሁም ይሁን።

አባትሽ
ሳን ልዊን