ከመቀነቴ ሥር

ጥር 18 ቀን 1996
ነፋስ ዋለ። አቧራው ችሎት ድረስ ገብቶ ወንበሬ ላይ ተኛ። የባንቺን መሬት ፈረድኩላት። የሟች ባሏ ወንድም ቅጣው፣ “መበለት መሬት ምን ያደርግላታል?” ይለኛል። ሆዷን ይሞላላታላ! ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ “ዳኛዋ ማታ ብቻዋን ነው የምትገባ አሉ” አለ። ለእኔ አይደለም፣ ለግድግዳው። ጀግና!

ጥር 21
ትናንትም ዛሬም ተከተለኝ። ክላሹን አንግቶ፣ ቀስ ብሎ። ስቆም ይቆማል… ፈራሁ። እዚህ ካልጻፍኩት የት ልናገረው?
ለአለቃዬ ነገርኳቸው። ከነፈቃዱ ሽጉጥ ሰጡኝ። “ራስሽን ጠብቂ።” ጠባቂ መመደብ ሲያቅታቸው እኔኑ አሸከሙኝ እኮ።

የካቲት 2
ይህን ሽጉጥ የፈለሰፈ ሰው ቀሚስ አይቶ አያውቅም። ሱሪ ለበስኩለት። ስቀመጥ ጎኔን ይወጋኛል፣ ስነሳ ይንሸራተታል። ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ከማበጠሪያና ከመሐረብ መሐል ፈልጌ እስካወጣው ቅጣው ቀብሮኝ ተዝካሬን ይበላል።
ዐቃቤ ሕጉ ወንዳወቅ ላስተምርሽ አለኝ። የሱ ድብቅ ሽጉጥ! ሻይ ቤት በገባ ቁጥር ጃኬቱን ገለጥ… ሰቆጣ ውስጥ ያላየለት የለም።

የካቲት 9
የፍርድ ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ምንዋጋው ጎኔን ስነካካ አይተውኝ ኖሯል። ሳቁብኝ።
“ጥሩሐረግ ልጄ፣ እናትሽ ብሯን የት ነው የምትይዝ?”
“መቀነቷ ውስጥ።”
“እና?”
አፈርኩ። ይኼን ሁሉ ተምሬ…
“ብረት እንደ አዲስ ጫማ ነው፣ መጀመሪያ ይልጥሻል። ጥይቱን አውጪና ባዶውን ታጥቀሽ ቤትሽ ዋይ። እጅሽን ሰብስቢ፤ የሚነካካ ሰው ራሱን ያሳብቃል። የለመድሽው ዕለት ትረሽዋለሽ።”

የካቲት 11
ባዶውን ታጥቄ ሽሮ ሠራሁ። ልብስ አጠብኩ። ጎንበስ ስል ሆዴን ይቆነጥጠኛል። ጎረቤቴ ምስራቅ፣ “ወገብሽን አመመሽ እንዴ?” አለችኝ። አዎ አልኳት። ክብርት ዳኛ ዋሸች።

የካቲት 25
መቀነቱን ጠበቅ፣ ከላይ ሹራብ፣ ከሹራቡ ላይ ነጠላ። አሁን ጥይትም አለው። ማንም አላወቀም። ብቻ ሰው ሲስመኝ ሆዴን ሸሸት አደርጋለሁ። እናቴን እንኳ… “ምነው፣ ተኳረፍን?” አለችኝ። ምን ልበላት?

መጋቢት 14
ቅጣው ገበያ መውጫው ላይ ቆሞ ነበር። አጠገቡ አለፍኩ። እጄ እንኳ ወደ ወገቤ አልሄደም። ዓይኑን ሰበረ። ተልካሻ! ጠመንጃውን ቢቀሙት ምን ይቀረዋል?
ታጥቄ መዋሌን ያስታወስኩት ማታ መቀነቴን ስፈታ ነው። ለጋሽ ምንዋጋው ብነግራቸው፣ “በቃ፣ ተማርሽ” አሉኝ። ኮራሁ።

ሚያዝያ 1፣ ስቅለት
ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ወይራው ላይ የወንዶቹ ጠመንጃ ተሰቅሏል። የቅጣውን በቀይ ማንገቻው ለየሁት። “ዛሬ ደግሞ እግዜርን ሊያታልል መጣ” ብዬ በልቤ ሳቅሁበት። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።
ሦስተኛው ስግደት ላይ ይሁን አራተኛው… ግንባሬ መሬት ሲነካ ብረቱ ሆዴን ወጋኝ።
ረስቼው። ለካ መልመድ ይኼ ነው።
ወዴት ልሂድ? ሰው እንደ እህል ተጠቅጥቋል። ብነሳ፣ መቀነቴ ቢላላ፣ ድንጋዩ ላይ ኳ ቢል… በዛሬ ቀን! በግራ እጄ ሆዴን ይዤ ሰገድኩ። ባንቺ ከጎኔ ናት፤ “አመመሽ እንዴ፣ እትዬ?” ትለኛለች።
ቀና ስል ቅጣው በወንዶቹ በኩል አለ። ባዶ እግሩን ነው። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። አየኝ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋልኝ። ይቅር ብሎኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ነገ ሊከተለኝ ይችላል። ግን ብረቱን ደጅ ትቶ ገብቷል። እኔስ? በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የታጠቅሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።
እኔም አንገቴን ደፋሁ። ዓይኑን ማየት ስላልቻልኩ ነው እንጂ ለሰላምታ አይደለም።
ማታ ስንወጣ ወንዶቹ ከወይራው ሥር ተሰልፈው ጠመንጃቸውን አወረዱ። ቅጣውም የራሱን አወረደና አነገተ። እኔ ከዛፉ የማወርደው አልነበረኝም።