የግማሽ ሜትሩ መመሪያና ድንጋይ ቁጥር ፵፯

ኮልፌ፣ ጥቅምት ፳፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ገሜዳ፣ የዳገቱ መብራት ሥርዓት አስከባሪ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉልበትዎ፣ ክንድዎ፣ በተለይም ወገብዎ ደኅና መሆኑን ከልብ እመኛለሁ፤ ስለ ወገብዎ ለምን እንደምጨነቅ በስተመጨረሻ እገልጻለሁ።

እኔ ወንድይፍራው እባላለሁ። ከጦር ኃይሎች አየር ጤና በአሮጌ ፊያት ታክሲ ሰው ሳመላልስ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላኝ ሾፌር ነኝ፤ ወይም ነበርሁ። ከዚህ ቀደም ሦስት ማመልከቻ በእጄ አስገብቼ ሦስቱም ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ የደረሱበት ስላልታወቀ፣ አራተኛው እንዳይጠፋ ብዬ ፌርማታው ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሕዝብ ጊዜ ስለማይቸግረው ያነበዋል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረትም ከንጉሡ ጋር አብሮ ወርዷል ስለተባልን ነው ብዕር ለማንሳት የደፈርሁት።

ምስጋናዬን ላስቀድም። የትራፊክ መብራቱ ዳገቱ ላይ እንዲተከል ማድረግዎ ቀላል ነገር አይደለም። ከዳገቱ በላይም በታችም ሜዳ ሞልቶ ሳለ ወገቡ ላይ መትከል ለማንም ሰው በዋዛ የሚመጣ ሐሳብ አይደለም። ቀጥሎም በመብራቱ ላይ የሚቆሙ መኪኖች በመካከላቸው ከግማሽ ሜትር የበለጠ ክፍተት እንዳይተዉ የሚለውን መመሪያ አወጡልን። ክፍተቱ ሲሰፋ የሰልፉ ጭራ ጽሕፈት ቤትዎ በር ድረስ እየተጎተተ፣ ጡሩምባውም ስብሰባዎን እያወከ ነበርና ነገሩ ይገባናል። ለአፈጻጸሙም ጓድ ደመቀ በግማሽ ሜትር ልክ የተቆረጠች ቀርከሃ ይዞ በመኪኖች መካከል እንዲመላለስ መደቡልን። ቀርከሃዋ ገብታ ቦታ ከተረፈ የኋለኛው ሾፌር እንዲጠጋ ይታዘዛል።

አሁን ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። መመሪያው ከመውጣቱ በፊት ዳገት ላይ ለምንቆም ሾፌሮች አንድ ልማድ ነበረን። የእጅ ፍሬኑ የደከመበት ሰው ግራ እጁን በመስኮት አውጥቶ መዳፉን ወደ ኋላ ያሳያል፤ ከኋላው ያለውም ይሄ ሰው ሊንሸራተት ነው ብሎ የአንድ መኪና ቦታ ይተውለታል። ይህን ልማድ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልፈረመበትም። ምናልባት ጥፋታችን እዚያ ላይ ይሆናል።

ሁለተኛ። የእጅ ፍሬኔ ሽቦ ከተበጠሰ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ መለዋወጫ ያልጠየቅሁበት ሱቅ የለም። ስለዚህ እንደ ብዙ የሥራ ጓደኞቼ ድንጋይ እይዛለሁ። ድንጋዬን ከአስኮ ወንዝ ዳር የመረጥሁት ሲሆን አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ባለቤቴ ተሻለች ከአሮጌ ነጠላዋ አረንጓዴ ጥለት ገምዳ መጎተቻ አሰረችለት። መብራቱ ቀይ ሲሆን ከፊት የተቀመጠው ተሳፋሪ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ይሸጉጠዋል፤ አረንጓዴ ሆኖ መኪናው ፈቀቅ ሲል በጥለቱ ስቦ ያነሳውና ይሳፈራል። ከፊት የተቀመጠ ሰው ይህ ድርሻው መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቄስም ይሁን መምህር፣ ቅር ያለው ሰው አላጋጠመኝም።

ሦስተኛ። ሐምሌ ፲፭ ቀን ዝናብ ይጥል ነበር። ከፊት የተቀመጡት ጎረቤቴ ወይዘሮ ፅጌ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ባልቴት በመሆናቸው ለመውረድ ዘገዩ። እኔም እጄን በመስኮት አወጣሁ። ከኋላዬ የነበረው የዳቦ ፒክአፕ ሾፌር በዛብህ ልማዱን አክብሮ ራቅ ብሎ ቆመ። ጓድ ደመቀ ግን ቀርከሃውን አስገብቶ፣ ሰፊ ነው ብሎ በዛብህን አስጠጋው። በዛብህም ሰውዬው ይንሸራተታል ብሎ ቢያስረዳው፣ መመሪያው ስለ መንሸራተት የሚናገረው ነገር የለም ተባለ። ወይዘሮ ፅጌ ድንጋዩን እንደታቀፉ ገና በሩን ሲከፍቱ አረንጓዴው በራ፤ ከኋላ ጡሩምባው ቀለጠ፤ እኔም ፍሬን ስለቅ አንድ ሜትር ያህል ተንሸራትቼ የበዛብህን የፊት መብራት ሰበርሁ። የመጀመሪያው ግማሽ ሜትር በመመሪያዎ የተፈቀደልኝ ነበር፤ ያጠፋሁት በሁለተኛው ነው።

በዛብህ ወርዶ ስብርባሪውን አየና «ተወው ወንድሜ፣ ይሄ መብራት ድሮም አይበራም» አለኝ። ከሳሽ አልነበረኝም። ጓድ ደመቀ ግን መንጃ ፈቃዴን በመንሸራተቴ፣ ድንጋዬን ደግሞ አስፋልት ላይ ባዕድ ነገር ለማኖር ተዘጋጅቷል በሚል ወሰዳቸው። መዝገብ ላይ ሁለቱ በአንድ መስመር ሰፈሩ፤ ድንጋዩ ላይም በቀይ ቀለም ፵፯ ቁጥር ተጻፈበት።

አራተኛ። አቅል ያሳጣኝ ይሄኛው ነው። በነሐሴ ወር ስብሰባ ላይ ቆሜ ግለ ሂሴን አቀረብሁ፤ የፍሬን ሽቦ ከመበጠሱ በፊት ንቃት ሊኖረኝ ይገባ እንደነበር አመንሁ፤ መንጃ ፈቃዱ ይመለስለት ተባለልኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ንብረት ክፍል ሄድሁ። ወይዘሪት ፀሐዬ መዝገቡን ገልጣ፣ በአንድ መስመር የተመዘገበ ንብረት ተነጣጥሎ እንደማይወጣ፣ ድንጋዩ ደግሞ ከቦታው እንደሌለ ነገረችኝ። ድንጋዩ ይቅርብኝ ብዬ ለመንሁ፤ አይቀርም። ሌላ ድንጋይ አመጣሁ፣ እንዲያውም ሦስት፤ ቁጥር የላቸውም ተባለ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ መንጃ ፈቃዴን ከመሳቢያው አውጥታ ፎቶግራፌን አሳየችኝና መልሳ ቆለፈችበት።

ታክሲዬ ይኸው ሦስት ወር ግቢ ውስጥ ቆማለች። ጠዋት ጠዋት መስታወቷን እወለውላለሁ፣ ገብቼ መሪዋን ይዤ ትንሽ እቀመጣለሁ፣ ተሻለች ቁርስ ብላ ስትጠራኝ እወርዳለሁ። የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነኝ፤ ሌላ ሙያ አላውቅም። ጓድ ሰብሳቢ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ደክሞኛል። ከእርስዎ በላይ ያለውን አልደርስበትም፤ ከእርስዎ በታች ያለው ሁሉ ደግሞ ወደ እርስዎ ይመልሰኛል።

አምስተኛ ቅሬታም ነበረኝ። ወይዘሮ ፅጌ ከዚያ ቀን ወዲህ ሐኪም ቤት የሚሄዱት በእግራቸው መሆኑን የሚገልጽ ነበር፤ እሳቸው ግን ስሜን እንዳታነሳ ስላሉኝ ትቼዋለሁ።

ለግማሽ ሜትሩም፣ ለቀርከሃዋም፣ ለመዝገቡም እጅ እየነሳሁ፣ ከፊትዎም ከኋላዎም ሰፊ ቦታ እንዲገጥምዎ የምመኝ፣

ቀድሞ ሾፌር፣ አሁን እግረኛ የሆንሁት
ወንድይፍራው

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ፀሐዬ፣ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ
ለፌርማታው ሕዝብ፣ አውቶቡሱ እስኪመጣ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በእግሬ ዳገቱን ስወጣ አንዲት ነጭ የመንግሥት ላዳ ቀይ ይዟት ቆመች። ሾፌሩ ግራ እጁን በመስኮት አውጥቶ መዳፉን ወደ ኋላ አሳየ። ጓድ ደመቀም ቀርከሃውን ብብቱ ሥር ሸሽጎ ከኋላ የመጣውን መኪና በአንድ መኪና ርቀት አስቆመው። ከዚያ እርስዎ ከፊት ወንበር ወርደው፣ አንድ እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና ድንጋይ ከኋላ ጎማ ሥር ሸጎጡ፤ መኪናዋ ፈቀቅ ስትልም በአረንጓዴው ጥለት ስበው አነሱት። ቀዩ ፵፯ አሁንም ጥርት ብሎ ይነበባል። ድንጋዩን እንዲመልሱ አልጠይቅም፤ እርሱ ብቻውን ከመዝገብ መውጣት ከቻለ ግን መንጃ ፈቃዴም ብቻውን እንዲወጣ አንዲት መስመር ለወይዘሪት ፀሐዬ ይጻፉልኝ። እስከዚያው ድረስ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ዳገቱ ላይ ቆሜ ልጠብቅዎ፤ እርስዎ አይጎንበሱ፣ ድንጋዩን እኔ እሸጉጥልዎታለሁ፤ አያያዙን አውቀዋለሁ።